ከግብፅ የተጠራው ልጅ ማን ነው?

ጽጌ በመጣ ቁጥር የጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ የማይቀር ክርክር አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ባሉት ቀናት ቤተ ክርስቲያን ማርያም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን ታስባለች። ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ ሰቆቃወ ድንግል ይዜማል። አንዱ ልጅ ሌሊቱን ማኅሌት አድሮ ፎቶ ይለጥፋል፤ ከዚያ ግሩፑ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ነቢዩ ከ700 ዓመት በፊት የተናገረው አንድ ሳይጎድል ተፈጸመ» ይላል። ሌላኛው «ባክህ፣ ማቴዎስ ብሉይ ኪዳንን ከፍቶ ኮፒ ፔስት ነው ያደረገው» ብሎ ይመልሳል።

እኔ ሁለቱንም ወገን ሆኜ አይቻለሁ። ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ ነገሩን አንዴ ልቋጨው ብዬ ኤክሴል ከፈትኩ። በአንደኛው ዓምድ ትንቢት፣ በሁለተኛው ፍጻሜ፣ በሦስተኛው ውጤት፦ ፓስ ከሆነ አረንጓዴ፣ ፌል ከሆነ ቀይ። ዛሬ መሥሪያ ቤት ኮድ ቴስት ሳደርግ ከማደርገው ብዙም አይለይም። ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ ስደርስ ግን ሠንጠረዡ ተሰበረ።

ማቴዎስ ዮሴፍ በሌሊት ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንደሄደ ከነገረን በኋላ፣ ይህ የሆነው እግዚአብሔር ልጁን ከግብፅ እንደጠራ በነቢይ የተነገረው እንዲፈጸም ነው ይላል። ቃሉ የሆሴዕ ምዕራፍ 11 መጀመሪያ ነው። ሄጄ አነበብኩት። ሆሴዕ በ8ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ፣ ሰማርያ ከመውደቋ በፊት፣ ለሰሜኑ መንግሥት የተናገረ ነቢይ ነው። ልጅ የሚለው እስራኤልን ነው፤ ይህን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በስም ይጠራዋል። የሚያወራውም ስለ ወደፊቱ አይደለም፤ ከእሱ ዘመን በፊት ስላለፈው፣ ስለ ዘፀአት ነው። የሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ክስ ነው፦ በተጠሩ ቁጥር ራቁ፣ ለበኣል ሠዉ።

እንግዲህ ይሄ እንዴት ትንቢት ይሆናል? ያለፈ ነገር ነው። ልጁም ሌላ ልጅ ነው። ረድፉን ቀይ አደረግኩትና ለተወሰኑ ዓመታት «ኮፒ ፔስት» ከሚለው ወገን ሆንኩ።

አሁን ሳስበው የግሩፑ ሁለት ወገኖች የሚጣሉት በመልሱ ነው እንጂ በጥያቄው ተስማምተዋል። ሁለቱም ማቴዎስ የሠራው ቴስት ነው ብለው ያምናሉ፤ የሚለያዩት አለፈ ወይስ ወደቀ በሚለው ነው። እኔ ደግሞ የሚመስለኝ ማቴዎስ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ይህን ያሳየችኝ አንዲት የብዙ ቁጥር ናት።

ሄሮድስ ከሞተ በኋላ መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ተገልጦ፣ የሕፃኑን ነፍስ የሚፈልጉት ስለሞቱ ወደ አገርህ ተመለስ ይለዋል። ማቴዎስ ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር መሞቱን የነገረን ግን አንድ ሰው ነው። አማርኛ አንባቢ ይቺን ነገር ዘሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። እኛ «ንጉሡ ሞተዋል» እንላለን፤ የብዙ ቁጥሯን አክብሮት አድርገን እናነባታለን። ማቴዎስ የጻፈበት ግሪክኛ ግን አንድን ሰው በብዙ ቁጥር የማክበር ልማድ የለውም። ታዲያ ከሄሮድስ ጋር እነማን ሞቱ?

መልሱ ዘፀአት ምዕራፍ 4 ላይ አለ። ሙሴ ግብፃዊውን ገድሎ ወደ ምድያም ከሸሸ በኋላ እግዚአብሔር፣ ነፍስህን የሚፈልጉት ሁሉ ሞተዋልና ወደ ግብፅ ተመለስ ይለዋል። እዚያ የብዙ ቁጥሩ ቦታው ነው። ማቴዎስ ያንን ዓረፍተ ነገር በግሪክኛው የብሉይ ኪዳን ትርጉም ቃላት ወስዶ፣ ቁጥሩን እንኳ ሳይቀይር፣ ለዮሴፍ ሰጠው።

ከሌላ ሰው ፕሮጀክት ኮድ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ አዲሱ ፋይል ውስጥ የድሮው ቫሪያብል ስም ሳይቀየር ይቀራል። የመጀመሪያ ሐሳቤ «ተያዘ!» የሚል ነበር። ግን ሌባ የሚደብቀውን ማቴዎስ አልደበቀውም። ዙሪያውን ስታዩት ሁሉም ነገር ወደ ሙሴ ይጠቁማል፦ ወንድ ሕፃናትን የሚያስገድል ንጉሥ፣ ከሞት የሚያመልጥ አንድ ልጅ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ከውኃው በኋላ በረሃና አርባ ቀን፣ ከዚያ ተራራና ሕግ። ዘፀአትን በቃሉ የሚያውቅ አይሁዳዊ አንባቢ ይቺን የብዙ ቁጥር ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። እንዲቆምም ነው የተጻፈው።

አንዴ ዘፀአትን ከሰማችሁ በኋላ ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል፤ አቅጣጫው ተገልብጧል። በድሮው ታሪክ ገዳዩ ንጉሥ ግብፅ ነው ያለው፣ ሰው የሚሸሸውም ከግብፅ ነው። በማቴዎስ ታሪክ ገዳዩ ንጉሥ ኢየሩሳሌም ነው ያለው፣ ሰው የሚሸሸው ወደ ግብፅ ነው። የፈርዖንን ወንበር የያዘው የራስ አገር ንጉሥ ሆነ፤ የባርነት ቤት የነበረው አገር መጠጊያ ሆነ። ማቴዎስ የሆሴዕን ቃል ያስቀመጠበትን ቦታ እዩልኝ። ቤተሰቡ ከግብፅ ሲወጣ አይደለም፤ ገና ወደ ግብፅ ሲገባ ነው። ቃሉን ለመመለሱ ጉዞ ቢያቆየው ኖሮ ይበልጥ ይገጥምለት ነበር። እኔ ቦታውን እንዲህ አነበዋለሁ፦ በዚያች ሌሊት «ግብፅ» ሄሮድስ ያለበት አገር ነው፤ መውጣቱም የተጀመረው ከቤተልሔም ነው።

ይህ ደግሞ ማቴዎስ በአይሁድ ላይ ከውጭ ያመጣው ነገር አይደለም። ነቢያቱ ራሳቸው ይሠሩበት የነበረ ዘዴ ነው። ሆሴዕ ራሱ የዘፀአትን ታሪክ እያስተጋባ ነው የሚወቅሰው። ኢያሱ ዮርዳኖስን ሲሻገር መጽሐፉ ራሱ የኤርትራን ባሕር ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1947 በቁምራን ዋሻ ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ ደግሞ፣ ነቢዩ ዕንባቆም ስለ ከለዳውያን የተናገረውን ወስዶ በራሱ ዘመን ስላሉ ወራሪዎች አድርጎ ያነበዋል። የጥንቱን ቃል በዛሬ ላይ ማንበብ የዘመኑ የአይሁድ ንባብ ነበር። ማቴዎስም ከዚያ ቤት ነው።

እስካሁን ያልኩት ብልሃት ብቻ ሊመስል ይችላል። አሁን ወደሚከብደው ልሂድ።

ሄሮድስ የቤተልሔምን ሕፃናት ካስገደለ በኋላ ማቴዎስ ኤርምያስን ይጠራል። በራማ ጩኸት ተሰማ፤ ራሔል ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፣ የሉምና መጽናናትን እንቢ አለች። ኤርምያስ ይህን ያለው ወደ ባቢሎን ስለሚነዱ ምርኮኞች ነው፤ ኤርምያስ ራሱ በሰንሰለት ታስሮ ከምርኮኞች መካከል የተገኘው ራማ ላይ ነው። ዘፍጥረት ደግሞ ራሔል ወደ ቤተልሔም በሚወስደው መንገድ ተቀበረች ይላል። እናቲቱ ከመቃብሯ ሆና የሚያልፉትን ልጆች ታያለች። ማቴዎስ በመንገዱ ላይ ሌላ ቡድን ጨመረላት።

ሠንጠረዤ ላይ ይህን ረድፍ አረንጓዴ አድርጌው ነበር። «ትንቢት፦ ራሔል ታለቅሳለች። ፍጻሜ፦ ሕፃናት ተገደሉ። ውጤት፦ ፓስ።» ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ከፍቼ ሳየው አፈርኩ። የሕፃናት እልቂት ቴስት አልፏል ብዬ ቀለም ቀብቻለሁ ማለት ነው።

ማቴዎስ ግን እንዲህ አላደረገም። ማስረጃው አንድ አያያዥ ቃል ነው። ማቴዎስ ነቢይ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የተባለው «ይፈጸም ዘንድ» ይላል፤ ነገሩ የሆነው ለዚያ ዓላማ ነው እንደማለት። ሁለት ቦታ ላይ ግን «ዘንድ»ን ያነሳትና «ያን ጊዜ ተፈጸመ» ብቻ ይላል። አንደኛው የሕፃናቱ ግድያ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ 27 ላይ የይሁዳ ሠላሳ ብርና የራሱ አሟሟት ነው። ሕፃናቱ የሞቱት ቃሉ እንዲፈጸም ነው አላለም። ሞቱ፣ ያኔም የራሔል ልቅሶ እንደገና ተሰማ። እግዚአብሔርን የሕፃናት ግድያ ባለቤት ላለማድረግ ሰዋስው ቀየረ። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያለበት ቦታ በወንጌሉ ውስጥ ብዙ አላገኘሁም።

«ተፈጸመ» የሚለው የአማርኛ ቃላችንም ትንሽ ያሳስተናል። ስንሰማው አለቀ፣ ተዘጋ፣ ፋይሉ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ ማለት ይመስለናል። ከኋላው ያለው የግሪክኛ ግስ መነሻ ፍቺው መሙላት ነው። ማቴዎስ ራሱ ምዕራፍ 13 ላይ መረቡ በዓሣ ሞላ ሲል ይህንኑ ግስ ነው የሚጠቀመው። የድሮው ቃል አገልግሎቱን ጨርሶ አይጣልም፤ ተጨማሪ ነገር ይሞላበታል። የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ አንድ ቃል ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ። ሁለተኛው አንድም የመጀመሪያውን አይሽርም። ልጁ እስራኤል ነው፤ አንድም ኢየሱስ ነው።

የወንጌል ተመራማሪው ሪቻርድ ሄይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ወንጌላውያን ከብሉይ ትንሽ ቃል ሲጠሩ ቃሉ የወጣበትን ዙሪያ ሁሉ ይዘው እንደሚመጡ ያስረዳሉ። ይህ እውነት ከሆነ ሥራው የአንባቢው ነው፤ ተነስቶ ሄዶ ምዕራፉን ማንበብ አለበት። ሆሴዕ 11ን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው፣ ልጁን እጁን ይዞ መራመድ ያስተማረ አባት ያገኛል፤ ተቆጥቶ ሊቀጣ ሲል ልቡ የሚገለበጥበት አባት። ኤርምያስ 31ን የቀጠለ ሰው፣ ከራሔል ልቅሶ ቀጥሎ እግዚአብሔር እንባሽን ከልክዪ፣ ልጆችሽ ይመለሳሉ ሲላት ይሰማል። ማቴዎስ ያንን ተስፋ አልጻፈውም፤ ልቅሶው ላይ አቆመ። እኔ ልክ ነው እላለሁ። ለቤተልሔም እናቶች በዚያው ቀን የመጽናናት ቃል ማንበብ ጭካኔ ይሆን ነበር። ተስፋው ግን አንድ ቁጥር ወደታች ተቀምጧል፤ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ ስል ማቴዎስ ምንም አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። ምዕራፍ 21 ላይ ኢየሱስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ አህያና ውርንጭላ፣ ሁለት እንስሳት ይመጣሉ፤ ማርቆስ ዘንድ ያለችው አንዲት ውርንጭላ ናት። የዘካርያስ ቃል በዕብራይስጥ ግጥም ልማድ አንዷን አህያ በሁለት ስንኝ ደጋግሞ የጠራ ነው። ማቴዎስ ሁለት አድርጎ ሲተርከው አስተጋቢው ቃል ትረካውን ጎትቶታል፤ አይመችም። የስደቱን ታሪክም ሉቃስ አያውቀውም፤ እሱ ዘንድ ቤተሰቡ ሥርዓቱን ፈጽሞ ወደ ናዝሬት ይመለሳል። የሄሮድስን ግፍ፣ የገዛ ልጆቹን መግደሉን ጭምር፣ በዝርዝር የጻፈው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የምንለው ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስም ስለ ቤተልሔም ግድያ ዝም ነው። «ኮፒ ፔስት» የሚሉት ጓደኞቼ እነዚህን ሲያነሱ ተሳስታችኋል አልላቸውም። የምላቸው፣ ቃሉ ከየት እንደተቀዳ ማወቅ ለምን እንደተቀዳ መመለስ አይደለም ነው።

«አንድ ሳይጎድል ተፈጸመ» ለሚሉት ደግሞ ሌላ ነገር እላለሁ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሆሴዕን የማቴዎስ ማረጋገጫ ብቻ ካደረግነው፣ ከተረጋገጠ በኋላ አያስፈልገንም ማለት ነው። እንደ ዕቃ ማሸጊያ ይጣላል። ያ ልጅ ግን ዛሬም ድረስ ይህንኑ ምዕራፍ በዕብራይስጥ የሚያነብ ሕዝብ ነው። ክርስቲያኖች «ልጁ ከእንግዲህ እናንተ አይደላችሁም» ብለው ባነበቡባቸው ዘመናት በዚያ ሕዝብ ላይ የደረሰውን ታሪክ መዝግቦታል። ማሚቶ የመጀመሪያው ድምፅ ከጠፋ ማሚቶነቱ ይቀራል። ማቴዎስ ራሱ እስራኤል ከግብፅ ካልወጣ የሚያወራው ነገር የለውም።

ኤክሴሉ አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ሦስተኛውን ዓምድ አጠፋሁት። በምትኩ «ቀጥሎ ያለው ቁጥር ምን ይላል?» የሚል ዓምድ ጨመርኩና ከሆሴዕ 11 ጀምሬ እየሞላሁት ነው። በራሔል ረድፍ ላይ ግን የኤርምያስን ተስፋ ጽፌ መልሼ ሰረዝኩት። እዚያ ጋ ማቴዎስ ያቆመበት ቦታ ላይ ባቆም ይሻላል።