መንገዱ የተነሳበት የመንገድ ፎቶግራፍ

ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ግርማ በርታ ሲወራ ሁለት ነገር አይቀርም፦ በአይፎን ማንሳቱና እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የ10,000 ዶላር ድጋፍ ማሸነፉ። መሣሪያውና ሽልማቱ ሥራውን ጋርደውታል ባይ ነኝ።

«ሙቪንግ ሻዶውስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራው ግርማ የአዲስ አበባን መንገደኛ፣ ሊስትሮውን፣ ሱቅ በደረቴውን፣ ተሸካሚውን ያነሳና አስፋልቱን፣ ግንቡን፣ ታክሲውን ቆርጦ ያወጣል። ሰውየው በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ይቀራል። ይህን ከምዕራቡ ፖፕ አርት ጋር ማዛመድ ይቀናል። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር ሆኖ ለሚያየው ግን የቅርብ ዘመዱ የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ቅዱሱን በቀይ ወይም በቢጫ መደብ ላይ ሲያቆም ተራራም ቤትም አላስፈለገውም፤ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ይታወቃል። የግርማም ሊስትሮ በሣጥኑ ይታወቃል።

ልዩነቱ ጥላው ላይ ነው። የዚያ ዘመን ቅዱሳን መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም። ግርማ ግን ሁሉን ሲያጠፋ ጥላውን ይተወዋል፤ ሥራውን ሁሉ የተሸከመችው ይህች ውሳኔ ናት። ጥላው ከእግር ሥር ስለተጣበቀ መሬቱ ባይታይም ሰውየው አይንሳፈፍም። አጭር ከሆነ ቀትር ነው፤ ከተዘረጋ ጧት ወይም ሠርክ። ቦታው ተወስዶ ሰዓቱ ቀርቷል። ቀለሙን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን እንዴት እንደሚያልፉት ይገርመኛል።

የሚጎድለውም አለ። ደብረ ታቦር ላይ ሰው የሚያጎነብሰው ለአቀበቱ ነው፤ አቀበቱን ብታነሱበት የታመመ ይመስላል። የግርማም ተሸካሚ ሽቅብ ይውጣ ቁልቁል ይውረድ አናውቅም፤ ድካሙ ውብ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፎቶግራፍ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ «ፊውቸር ሜሞሪስ» በተሰኘው ሥራው በተቃራኒው የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች ራሳቸውን ይዞ ቀረ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ሳላመነታ ሚካኤልን።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ለግርማ ልከራከርለት የምፈልገው ነጥብ አለ። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወዲህ ወደኛ የዞረው የውጭ ካሜራ አብዝቶ የፈለገው ከሰውየው ጀርባ ያለውን ችግር ነበር፤ ሰውየው ለችግሩ ማስረጃ ሆኖ ይቆም ነበር። ግርማ ያንን ጀርባ በመቁረጡ ሊስትሮው በአቋቋሙ፣ በአለባበሱ፣ በአንገቱ አዟዟር እንዲታይ አስገድዷል። ለዚህ ድፍረቱ የሚገባው ክብር ከሽልማቱ ይበልጣል። ነቀፌታዬ ይህንኑ መንገድ ለሁሉም ሰው እኩል መጠቀሙ ላይ ነው፤ ለሊስትሮው የሠመረው ለተሸካሚው አልሠመረም።