«በፊት» እና «በኋላ»፦ መሃሉ የት ገባ?

ቲክቶክ ላይ የሚዞሩትን የቤት ማሳመሪያ ቪዲዮዎች ሳታዩ አትቀሩም። አካሄዳቸው አንድ ነው። መጀመሪያ ግራጫ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይመጣል፤ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ጥግ ላይ የተከመረ የሲሚንቶ ከረጢት። አንድ እጅ ካሜራውን ይሸፍናል። እጁ ሲነሳ ነጭ የጂብሰም ኮርኒስ፣ ከጀርባው የሚያበራ ቢጫ መብራት፣ እብነ በረድ የሚመስል የቴሌቪዥን ግድግዳ፣ አመድማ ሶፋ። በቃ፣ አለቀ።

እነዚህን ቪዲዮዎች እንደ ማስታወቂያ ብቻ ማየት ይቻላል። እኔ ግን እንደ ተረት ነው የማያቸው። ማንኛውም ተረት የሚያሳየውም የሚዘለውም ነገር አለው፤ ይሄኛው የሚዘለው ሥራውን ነው።

የኢንቴሪየር ዲዛይነር ቀን በአብዛኛው ከሜትር ጋር የሚውል ቀን ነው። ፕላኑ ላይ ግድግዳው 90 ዲግሪ ነው፤ ቦታው ላይ ሲደርሱ ግን የክፍሉ አንድ ጫፍ ከሌላው በሁለት በሦስት ሳንቲሜትር ይጠብባል። ለኪችን ካቢኔት የሚቆረጠው ኤምዲኤፍ ቀጥ ያለ ነው፣ ግድግዳው አይደለም። ስለዚህ ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ ይለካል፤ በጠባቡ ይቆረጣል፤ ክፍተቱን ምን እንደሚሸፍነው ቀድሞ ይታሰባል። ከዚያ ተራው አለ፦ የመብራት ቱቦ ከልስን በፊት፣ ልስን ከጂብሰም በፊት፣ ጂብሰም ከቀለም በፊት። ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ቀን ከቀረ ጂብሰም ሠራተኛው ሌላ ቤት ይይዛል፤ እሱን ለማስመለስ ሳምንት ይፈጃል። እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። እኛ ጋ አንዱ ሥራ ሌላውን ሲጠብቅ ስክሪን ላይ ይታያል፤ የተበላሸ ኮድም ወደ ትናንቱ ይመለሳል። ዲዛይነሯ ጋ የሚታየው የማይነሳ ስልክ ነው፤ አጥሮ የተቆረጠ ጣውላም አይረዝምም።

ቪዲዮው ጨርሶ ሊነግረን የማይችለው ሥራ ደግሞ አለ። አፍሪካ አዳራሽን አስቡት። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት ሕንፃ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል እዚያው ነው ያለው። መስታወቱ በኋላ መጥቶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፤ መግቢያው የሚያገኘው ብርሃን በእሱ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነው። ሕንፃው ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። እስቲ የዚህን እድሳት የ«በፊት» እና «በኋላ» ቪዲዮ ሥሩ! የእንዲህ ያለ ሥራ ስኬት «በኋላ»ው «በፊት»ን መምሰሉ ነው። በአስራ አምስት ሰከንድ ተረት ሚዛን ከሄድን ምንም አልተሠራም ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዲዛይነሯ የምትደርሰው ምሰሶው ከቆመ፣ መስኮቱ ከተከፈተ፣ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው እንግዲህ ስኬች አፕ ከፍታ ሬንደር የምትሠራው። እዚህ ላይ ዲዛይነሮቹንም መውቀስ አለብን። ሬንደሩ ላይ ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ትገባለች፤ እውነቱ ግን መስኮቱ ፊት ለፊት ሌላ ብሎክ ቆሟል። ሥዕሉ የሚሸጠው በዚያች ፀሐይ ስለሆነ ማንም አያጠፋትም።

የባሰው ኩሽናው ነው። ያየኋቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ ምጣዱ የት አለ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀልድ አይደለም። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፒር ገደማ ነው። የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፣ ከፍሪጁ ጋር አንድ ሶኬት የሚጋራ ዕቃ አይደለም። ስፋቱ ጠረጴዛ የሚያህል፣ አክንባሎው ሲነሳ ደግሞ እንፋሎቱ ኮርኒስ የሚያረጥብ ነው። እነዚያ የሚያብለጨልጩ ካቢኔቶች መሃል ለእሱ የተተወ ቦታ የለም። ታዲያ የት ይሄዳል? በረንዳ። በሐምሌ ብርድ በረንዳ ላይ ቆማ የምትጋግረው ሴት ቪዲዮው ውስጥ የለችም፤ ብዙ ጊዜ ዲዛይኑ ሲታሰብም አልነበረችም። ረከቦቱም እንደዚያው ነው። ቡና የሚፈላው ዝቅ ብሎ፣ ወለል ላይ፣ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ነው። ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ ያንን ወለል ይበላዋል።

«አሁን እኮ እንጀራ ይገዛል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ብዙ ቤት ይገዛል። እንደዚያ ከሆነ ግን ይህም መጠየቅ አለበት። የማውቃት አንዲት ዲዛይነር ስለ ቀለም ከማውራቷ በፊት «እዚህ ቤት ማን ይጋግራል? በሳምንት ስንቴ?» ትላለች። ደንበኞቿ መጀመሪያ ግር ይላቸዋል፤ ኋላ ግን የተሟላ ወሬ የሚመጣው ከዚያች ጥያቄ ነው።

በጂብሰም የሚያላግጡ ሰዎችን ግን አልደግፍም። ለዓመታት በአንዲት ክፍል ኪራይ ኖሮ፣ ቆጥቦ፣ ዕጣ ጠብቆ ቁልፍ የተረከበ ሰው ነጭ ኮርኒስ ሲያምረው ቅንጦት አይደለም። ጂብሰሙም ቢሆን ሽቦውንና የጎበጠውን ጣሪያ ይሸፍናል፣ ሥራ ይሠራል። ጥያቄዬ በምርጫው አይደለም፤ ምርጫው እስከ 15 ሰከንድ ድረስ ብቻ መታሰቡ ነው።

መሃሉ ስለማይታይም አይከፈልበትም። ደንበኛው ለሶፋ ይከፍላል፣ ለእብነ በረዱ ይከፍላል፤ ሥዕሉ ግን እንደ ምርቃት ይቆጠራል። «ላኪልኝና እናስብበት» ይባላል፤ ትልካለች፤ ከዚያ ዝም። ሥዕሉ በቴሌግራም ለአንድ አናጺ ይደርሳል፤ አናጺውም በግማሽ ዋጋ እሠራዋለሁ ይላል። ከወር በኋላ ካቢኔቱ ይመጣል፣ በሩ ግን ግድግዳው እየያዘው አልዘጋ ይላል። ያኔ ስልኳ እንደገና ይጠራል፤ አናጺው የተላከለትን ሬንደር ቢያጎላው ቢያሳንሰው አንድም የልኬት ቁጥር አላገኘበትም።