ሙቀትን ከመደቡ መለየት

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሁሩሙ በሳተላይት የሙቀት ምስል ስትታይ ጫካዋ ቀዝቃዛና ወጥ ነው። የእኔ ሥራ በዚያ ወጥ ቅዝቃዜ ውስጥ የነደደችውን አንዲት ነጥብ ማግኘት ነው። ባለስቲክ ሚሳኤልን ከአውሮፕላን ላይ የሚከታተሉ ባለሙያዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ መሬት ጨረሩን አብዝቶ የሚለቀው 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ነበልባል ግን 4 ማይክሮሜትር አጠገብ ይደምቃል። የሮኬት ሞተር የሚተፋው ትኩስ ጋዝም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ቦይንግ 747 ላይ የተገጠመው የአሜሪካ ሌዘር ለሙከራ የተተኮሰ ሚሳኤል ሲያወድም፣ ዒላማውን ቀድመው ያገኙት የኢንፍራሬድ ሴንሰሮች ነበሩ። ሞተሩ ሲጠፋ ነገሩ ይከብዳል፤ የሚቀረው ለብ ያለ አካል ብቻ ነው። ያኔ ከደመና በላይ የሚበር አውሮፕላን ይጠቅማል፤ ቀና ብሎ ሲያይ ከዒላማው ጀርባ ያለው ቀዝቃዛ ሰማይ ነውና።

እኛ ግን ቁልቁል ነው የምናየው፤ ከታች ደግሞ የሚያሳስት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሶቪየት ሳተላይት ከደመና ላይ የተንጸባረቀ ፀሐይን የአሜሪካ ሚሳኤል ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ስላላመነው ዓለም ተረፈች። በእኛ ሥራ እንዲህ የሚያሳስተው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ቀትር ላይ ሲያንጸባርቅ እሳት ይመስላል። ስለዚህ እኔ የማምነው የሌሊቱን ምስል ነው። እሳት የሚለየው ቪርስ የተባለው ሴንሰር ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ካለፈ፣ ከሌሊቱም 8 ሰዓት ገደማ ይመለሳል፤ ያኔ ፀሐይ የለችም።

ደመናን ግን ኢንፍራሬድ አያልፈውም፤ ሁሩሙ ያለችበት ኢሉባቦር ደግሞ የዝናብ አገር ነው። የዛፎቹ ቅጠልም ይሸፍናል። ሁሩሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በመዘገበው የያዩ የቡና ደን ክልል ውስጥ ካሉ ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ቡናው ያለው ከጥላው ዛፍ ሥር ነው። ከሥር ቀስ ብሎ የሚሄድ እሳት ለሴንሰሩ ላይታይ ይችላል፤ ለገበሬው ግን ጭሱ ይሸተዋል።

ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ወጣቶች፣ ማስጠንቀቂያ ከመላካችሁ በፊት የሌሊቱን ምስል ተመልከቱ፤ ቀጥሎም እዚያው ቀበሌ ላለ ሰው ደውሉ።