መቅደላ በኪራይ ቀበቶ

ባለፈው ሰሞን የቲያትር ክበባችን እዚሁ ወልዲያ ያሳየውን የመቅደላ ተውኔት ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ቃለ ተውኔቱ ግሩም ነበር፤ ድምፅም አልጎደለም። እኔ ግን ብዙዎቻችሁ “ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር ነው!” የምትሉትን ነገር ላነሳ ነው፤ ይኸውም የቀበቶውን ነገር።

ተዋንያኑ የታጠቁት ቀበቶና መቀነት ከሙሽራ ልብስ አከራይ የመጣ ነው። መታወቂያ በመያዣነት ተቀምጦለት ትርኢቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ደረሰ፤ በማግስቱ ጧት መመለስ ነበረበት። እንግዲህ ያን ሁሉ ሳምንት በባዶ ወገብ የተለማመዱ ልጆች ከጎራዴ ጋር የተዋወቁት መድረክ ላይ ነው! ለካባ ጌጥ የተሠራ መቀነት ደግሞ የእንጨት ጎራዴ አይችልም። ቴዎድሮስን የተጫወተው ወንድማችን ገና በመጀመሪያው ገቢር ጎራዴው ሸርተት ሲልበት በግራ እጁ ደግፎ ያዘው፤ ከዚያ ወዲያ ያ እጅ አልተነሳም። ንጉሠ ነገሥቱ ሲቆጣ እንኳ የተቆጣው አንድ እጁ ብቻ ነው። ተመልካቹ ሳቀ። ጥፋቱ ግን የተዋናዩ አልነበረም።

ለመሆኑ ቀበቶ ጌጥ ነው እንዴ? እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቅ። የጦር መሣሪያን “ትጥቅ” እንላለን፤ የያዘውን “ታጣቂ”፤ እጅ የሰጠውን “ትጥቁን ፈታ”። ቃሉ የተወለደው ከብረቱ ሳይሆን ከወገቡ ነው። የቀድሞው ተዋጊ ብዙ ክንድ የሚረዝም ድግ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፤ ግራ ክንዱ የጋሻ ነውና። የኛዎቹ ግን በፊልም እንዳዩት ፈረንጅ በግራ አንጠለጠሉት።

ይህን አቃሎ የሚያይ ሰው ካለ ተመልካቹ ማን እንደሆነ ያስታውስ። ከተማችን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ያለፈች ናት። የታጠቀ ሰው እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚቀመጥ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል። እዚህ ሰው ፊት የትጥቅ ውሸት አያልፍም።

አንድ ልጅ ብቻ አላሳቀም። የሀብሩ ልጅ ነው፤ መርሳ ካሉት አያቱ ቤት ድግ ይዞ መጥቷል። ከመጋረጃ ጀርባ ጓደኛው ጫፉን ይዞለት እሱ እየዞረ ሲታጠቅ አይቼዋለሁ። የተሰጠው ቃል ሦስት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ሲገባ ግን አዳራሹ ዝም አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ወድቀው የቀረው ሠራዊት ትጥቁን ሲፈታ በሚያሳየው ትዕይንት ላይ፣ ልጁ ያን ድግ ቀስ እያለ ከወገቡ ፈትቶ ጎራዴውን መሬት ሲያኖር አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። የኪራይ መቀነት ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ሲፈታም እንዳይጨማደድ ይፈራለታላ!

“ክበቡ ገንዘብ የለውም” ይባላል። አውቃለሁ፤ አዘጋጁንም ልወቅስ አይደለም። ነገር ግን ለአንድ ሌሊት የከፈልነው ኪራይ አቡጀዲ ይገዛልን ነበር። አቡጀዲ ድግ ይሆናል፤ ለከርሞም የኛው ነው። መከራየት ግድ ከሆነ ካባውን እንከራይ፤ ትጥቁን ግን ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምረን ታጥቀነው እንዋል። ቃለ ተውኔት ጥናት እንደሚፈልግ ሁሉ ወገብም ጥናት ይፈልጋል።