በወርቅ ፈንታ ፀሐይ

ዩክሬናዊው ሠዓሊ ኦሌክሳንድር ሙራሽኮ (እ.ኤ.አ. 1875-1919) ያደገው ቅዱሳን በሚሣሉበት ቤት ነው። እንጀራ አባቱ ኪየቭ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበረው፤ የቅዱስ ቭላድሚር ካቴድራል ሲያጌጥም ተሳትፏል። ልጁ ሙያውን እንዲወርስለት ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ፒተርስበርግ አካዳሚ ገብቶ የኢልያ ሬፒን ደቀ መዝሙር ሆነ።

በ1900 ለመመረቂያ ያቀረበው «የኮሳክ አለቃ ቀብር» የመምህሩ እጅ የሚታይበት፣ ጨለማ የበዛበት ሥዕል ነው። ችሎታው አይካድም፤ ግን ትንሽ ቲያትር ቲያትር ይላል። ሰውየው ራሱን ያገኘው ፓሪስንና ሙኒክን ካየ በኋላ ነው። በ1906 የሠራው «ካሩሴል» በሚሽከረከር የበዓል መጫወቻ ላይ ያሉ የገጠር ልጃገረዶችን ያሳያል። ቀለሙ እንደ ሣቃቸው ይጮኻል። በ1909 ሙኒክ ላይ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ የቡዳፔስት ሙዚየምም ገዛው።

ለእኔ ግን ታላቁ ሥራው «ብሥራት» ነው። ገብርኤል ከአትክልቱ ሥፍራ ወደ በረንዳው መጋረጃ ገልጦ የሚገባ ወጣት ነው። ሐሳቡ የመጣለት አንዲት ልጃገረድ መጋረጃ ገልጣ ስትገባ አይቶ ነው ይባላል። በድሮዎቹ የስላቭ ሥዕላት የመለኮት ምልክት የወርቅ መደብ ነበር። እዚህ ወርቅ የለም፤ ከመልአኩ ጋር የሚገባው በመጋረጃው የተጣራ የቀትር ብርሃን ነው። ከእንጀራ አባቱ ወርክሾፕ የሸሸው ልጅ፣ እንደኔ ግምት፣ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ድኅረ ኢምፕሬሽኒስት ብሎ መመደቡ ስሕተት ባይሆንም ይህን አይነግረንም።

ከ1909 እስከ 1912 በኪየቭ የሥዕል ትምህርት ቤት አስተማረ። ቀጥሎ በከተማው ረጅሙ ሕንፃ አናት ላይ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። በ1917 መጨረሻ የዩክሬን የሥነ ጥበብ አካዳሚን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። አጠገቡ ሚኻይሎ ቦይቹክ ነበር። ቦይቹክ ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስመሩንና ቅርጹን ወሰደ፤ ሙራሽኮ ታሪኩን ይዞ የቀረውን ለፀሐይ ተወ። አንድ ውርስ፣ ሁለት መልስ፣ በአንድ ጣራ ሥር! ተማሪዎች እንዴት ያለ ክርክር ይሰሙ ነበር?

ክርክሩ ግን አልቀጠለም። ጁን 14 ቀን 1919 ሌሊት፣ ሥልጣን በሚፈራረቅባት ኪየቭ፣ ሙራሽኮ ከቤቱ አቅራቢያ በጥይት ተገደለ። 43 ዓመቱ ነበር። ቦይቹክ ዙሪያውን የሚከተሉት ደቀ መዛሙርት አፈራ፤ እሱም በ1937 ተረሸነ። የሙራሽኮን የብርሃን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደበት ተማሪ ግን አላየሁም።