ከመጠይቅ በፊት ዐይን

በቅርቡ በሥነ ልቡና ትምህርት የተመረቀ አንድ ወጣት፣ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ለሥራቸው ያላቸውን ፍቅር መርምር ተብሎ በታዘዘ ጊዜ፣ «ስንት መጠይቅ ባስሞላ ይበቃኛል?» ሲል ጠየቀኝ። የናሙናን ስሌት እርሱም ያውቀዋልና ወደዚያ አልመለስም፤ ነገር ግን ሰው ስለ ገዛ አሳቡ ሲጠየቅ የሚሰጠው ቃል ለግብሩ የታመነ ምስክር እንደማይሆን ዘወትር የምሟገትበት ነገር ስለ ሆነ፣ መልሴ ከዚህ ይጀምራል።

ሪቻርድ ላፒየር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ በአገሩ የቻይናውያን ጥላቻ በበረታበት ዘመን፣ ከአንድ ወጣት ቻይናዊና ከሚስቱ ጋር እየተዘዋወረ 251 ሆቴሎችንና ምግብ ቤቶችን ቢጎበኝ፣ ፊት የነሣቸው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን «ቻይናውያንን ትቀበላላችሁን?» የሚል መጠይቅ ለእነዚያው ቤቶች ቢልክ፣ መልስ ከሰጡት ከመቶ ከ90 የሚበልጡት «አንቀበልም» አሉ። ይህ ጥናት በ1934 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ የመጠይቅ ወዳጆች፣ «ወረቀቱን የሞላው ባለቤቱ፣ እንግዶቹን ያስተናገደው ግን ሠራተኛው ሊሆን ይችላል» እያሉ ይከራከራሉ፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ወረቀት የሚደርሰው ከጠረጴዛ ኋላ ለተቀመጠው ሲሆን፣ ሥራው የሚፈጸመው በሌላ ሰው እጅ ነው።

እንዲህም ስል ሰው አይጠየቅ ማለቴ አይደለም፤ የሚጠየቀው ስለ ሆነው ነገር ይሁን ነው የምለው። ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ በ1947 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ አብራሪዎች ስሕተት የተፈጸመበትን አንድ ጊዜ በዝርዝር እንዲተርኩላቸው ለምነው ከሰበሰቧቸው 460 ታሪኮች፣ እኩሌታ ያህሉ አንዱን መቆጣጠሪያ ሌላው መስሏቸው ከመንካት የመጡ ሆነው በመገኘታቸው፣ በአብራሪው ስንፍና ይሳበብ የነበረው ነገር ብዙው የመሣሪያው አሠራር ጥፋት መሆኑ ታወቀ።

በእኛ አገር ደግሞ ተጠያቂው ጠያቂውን እንደ እንግዳ ስለሚያከብር፣ ደስ የሚያሰኘውን ቃል ሳይሰጥ አይሸኘውም። በአንድ የፈትል ፋብሪካ ስለ ሥራዋ የጠየቅኋት ሴት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» ስትለኝ፣ ጠቋሚ ጣቷ በጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ ነበር፤ «ትናንት ክሩ ሲበጠስ ምን አደረግሽ?» ባልኋት ጊዜ ግን፣ ማሽኑ ከቆመ ደመወዟ ስለሚቆረጥ እየዞረ ሳለ በጣቷ እንደምትቀጥለው፣ እጇን እያሳየች አስረዳችኝ።

በልጅነቴ የንስሐ አባታችን «ምን አደረግህ? መቼ? በማን ላይ?» እያሉ ይጠይቁኝ እንደ ነበረ፣ እኔም በዚሁ ሥርዓት ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ ይህም የመጠየቅ ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረኝ፣ ዝም ያለ ሰው ነገር የሌለው አለመሆኑን፣ ዝምታውም ብዙ ጊዜ ከጠያቂው አጠያየቅ የሚመጣ መሆኑን ነው። ስለዚህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ መጠይቅህን ከማባዛትህ በፊት ከሠራተኞቹ ጋር አንድ ሙሉ ፈረቃ ቁም፤ እጃቸውንም ተመልከት፤ የምትጠይቀውን የምታውቀው ከዚያ በኋላ ነው።