ኀዘን ጥቅም አለውን? ስለ ዶክተር ኔሲ መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

ዶክተር ራንዶልፍ ኔሲ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ2019 አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለክፉ ስሜቶች መልካም ምክንያቶች» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ለዚህ ዐይነት ሥራ አዲስ አይደሉም። ጆርጅ ዊልያምስ ከተባሉት የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋራ ሆነው በ1994 «የምንታመመው ለምንድን ነው» የሚል መጽሐፍ ጽፈው ነበር። ያ በይበልጥ ስለ ሥጋ ሕመም የሚናገር ነው፤ ይህ ግን ስለ አእምሮ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ የተፈጥሮ ምርጫ ዐይንንና እጅን እንደዚህ አሳምሮ ካበጀ፥ ጭንቀትን፥ ድባቴንና እብደትን ስለ ምን ሳያጠፋ ተወ?

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች የዳርዊን ስም ሲነሣ ክርክሩ ወዲያው ወደ ኦሪት ዘፍጥረት ይሄዳል። በመኝታ ቤታችንም ብዙ ምሽት በዚሁ አልፏል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ያን ክርክር አላነሣም። የዝግመተ ለውጥን ትምህርት ብንቀበል እንኳ ከመነሻው ወደ መደምደሚያው የሚወስደው መንገድ ደኅና መሆኑን ብቻ ልመረምር እወዳለሁ።

በመጀመሪያ መጽሐፉ የበረታበትን ቦታ ልናገር። በገጠር ቤት ማታ ማታ ውሻ ይጮኻል። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ነፋስ ቅጠል ሲያንኰሻኵሽም ይጮኻል። ባለቤቱ ስለ ከንቱው ጩኸት ውሻውን አያባርረውም፤ አንድ ሌሊት ዝም ቢል የሚጠፋው በግ ከብዙ ሌሊት እንቅልፍ ይበልጣልና። ዶክተር ኔሲ ምሳሌውን የወሰዱት በሀገራቸው ቤቶች ጣራ ላይ ከሚሰቀለው፥ ዳቦ ሲያርም እሳት ሲነሣም ከሚጮኸው የጢስ ጠቋሚ መሣሪያ ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። መሸሽ 100 ኪሳራ፥ አውሬው በእርግጥ ኖሮ አለመሸሽ 100,000 ኪሳራ የሚያስከትል ቢሆን፥ አውሬ የመኖሩ ዕድል ከሺህ አንድ በበለጠ ቍጥር መሸሽ ያዋጣል። እንግዲህ በዚህ ወሰን ላይ ከሺህ ሽሽት 999ኙ ከንቱ ቢሆን እንኳ የፍርሃቱ መሣሪያ ተበላሽቷል አይባልም። ያለ ምክንያት ልቡ እየመታ፥ ላብ እያጠመቀው «ልሞት ነው» ለሚል ሰው ይህን ማስረዳት ብቻውን ግማሽ መድኀኒት ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ።

ስለ ፍርሃት የሚነገረው ከወሬ የሚያልፈው በፈተና የታየ ስለ ሆነ ነው። ማይክል ኩክና ሱዛን ሚኔካ በ1989 በቤተ ሙከራ ያደጉ፥ እባብ አይተው የማያውቁ ጦጣዎችን ይዘው ፊልም አሳዩ። በፊልሙ አንዲት ሌላ ጦጣ ስትደነግጥ ትታያለች፤ ነገር ግን ፊልሙ ተቈርጦ ስለ ተቀጠለ ለአንዳንዶቹ የደነገጠችው ከእባብ፥ ለሌሎቹ ከአበባ የተነሣ ይመስላል። ተመልካቾቹ እባብን መፍራት ተማሩ፤ አበባን መፍራት ግን አልተማሩም። እንደዚህ ያለ ሥራ ሐሳቡ ሐሰት ሆኖ ሊገኝ የሚችልበትን በር ክፍት አድርጎ ይጀምራል። እኔ ከዚህ ትምህርት የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ወደ ኀዘን ስንመጣ ግን በሩ ይጠባል። ደራሲው የስሜት መቀዝቀዝ የማይደረስበትን ግብ ለመተው ይረዳል ይላሉ። ይህ በልኩ ሲሆን የሚያሳምን ነው። አጋም የሚለቅም እረኛ ፍሬው ከአንዱ ቍጥቋጦ ሲሳሳ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሜዳው ሁሉ ባዶ ሲሆንበት ደግሞ ድካሙን ቈጥቦ ይቀመጣል። ትጋት የማያዋጣበት ጊዜ አለና፥ ትጋትን የሚያበርድ ስሜት ቢኖረን አያስገርምም። ነገር ግን እረኛው ነገ ይነሣል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም የያዘው ሰው ሜዳው ፍሬ በፍሬ ሆኖ ሳለ አይነሣም። ከመቀመጥ ወደ አለመነሣት የሚደረሰው እንዴት ነው? በልክ ያለው ጠቃሚ ስለ ሆነ ከልክ ያለፈውም ጠቃሚ ነው ማለት አይቻልም።

ይህን የምለው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን (የምጽፈው በፈቃዱ ነው) ለብዙ ሳምንት ከአልጋው ሳይነሣ ቀረ። እኛም ይህን ትምህርት ከሰው አፍ የሰማን «ኀዘን ሥራ አለው፤ አንድ ነገር እያሰላሰለ ነውና ተዉት» ተባባልን። የሚያሰላስለው ነገር አልነበረም። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቦ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር፤ እህልም ትቶ ነበር። ወደ ሐኪም የወሰደው እኛ ብልሆቹ ሳንሆን ከገጠር የመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። መድኀኒትና ምክር አግኝቶ በሁለተኛው ሰሚስተር ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

የእኛ አሳብ ባለቤት አልነበረውም እንዳይባል፥ ፖል አንድሩስና አንደርሰን ቶምሰን በ2009 ባወጡት ጽሑፍ ድባቴ ከባድ ችግርን በጥልቅ ለማሰብ የተሠራ ነው ብለዋል። ሆኖም ሕመሙ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ አሳብን መሰብሰብ አለመቻል ነው። ለማሰብ የተሠራ መሣሪያ ማሰብን ቢከለክል ምን ይባላል? እስቲቨን ጄይ ጉልድና ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1979 ለእያንዳንዱ የፍጥረት ጠባይ ጥቅም እየፈለጉ ታሪክ የሚያበጁትን ሊቃውንት የነቀፉት እንደዚህ ስላለው ነገር ነው።

ለዶክተር ኔሲ ፍርድ ማጓደል አይገባም። በሽታን ራሱን እንደ ጥቅም መቍጠር ትልቅ ስሕተት መሆኑን እርሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ሊጠየቅ የሚገባው በሽታው ለምን ጠቀመ ሳይሆን፥ አካላችን ለበሽታው የተጋለጠ ሆኖ ለምን ቀረ የሚለው ነው ይላሉ። ልዩነቱን ለማየት ማጭድ መሰል የደም ሕዋስ የሚያስከትለውን ሕመም ማሰብ ይበቃል። ዘረ መሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ ከሁለቱም የወረሰ ይታመማል። ሕመሙ ለማንም አልጠቀመም፤ የቀረው በሌላ ሰው ጥቅም ጥላ ሥር ነው። ቅሬታዬ ይህ ማስጠንቀቂያ ከመጽሐፉ አርእስት ጋራ መጣላቱ ነው። አርእስቱን ሰምቶ ውስጡን ያላነበበ ሰው፥ እኛ እንደ ሆነው፥ ተቃራኒውን ይዞ ይሄዳል።

ለመጋለጣችን ከሚሰጧቸው ስድስት ምክንያቶች አንዱ አካላችን ከተሠራበት ዘመን ኑሮ የዛሬው ኑሮ መለየቱ ነው። ለውፍረትና ለስኳር በሽታ ይህ ጥሩ ማስረጃ አለው። ብዙ አንባቢ ግን ለአእምሮ ሕመም ሁሉ ቍልፍ ያደርገዋል፤ ከተማና ስልክ አበደን ይላል። በሀገራችን በቡታጅራ አካባቢ ገጠር የተደረገው ጥናት ለእነዚህ ሰዎች መነበብ አለበት። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለዐሥር ዓመት ተከታትለው ሲታዩ 121 ሞተዋል። ይህም በ2015 እንደ ታተመው ከሌላው ሕዝብ ሞት እጥፍ ያህል ነው። ከሞቱትም ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ገበሬም ቢሆን እንደ ጥንቱ ሰው አዳኝና ለቃሚ አይደለም የሚለኝ ቢኖር እቀበላለሁ። ቢሆንም ሕመሙ ከተማን ጠብቆ እንዳልመጣ ይህ ያሳያል።

ስለ ስኪዞፍሬኒያ የጻፉት ገና ግምት ነው፤ ደራሲውም አይደብቁትም፤ ስለዚህ አልተቸሁትም። መጽሐፉን ለማንበብ የሚፈልግ ጓደኛ ስለ ጭንቀት የተጻፈውን አስቀድሞ ያንብብ፤ ስለ ስሜት መቀዝቀዝ ወደሚናገረው ሲደርስ ግን በየገጹ ኅዳግ «ይህ ሐሰት ቢሆን በምን ይታወቅ ነበር?» ብሎ በእርሳስ ይጻፍ። እኔ እንደዚያ ሳደርግ መልስ ያገኘሁባቸው ገጾች ጥቂት ናቸው።